የልጁን ጥያቄ አትንጠቁት፦ ከጅማ መምህር ጋር ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው የሚመጡበት ክበብ አለን። ቤተ ሙከራም ኢንተርኔትም የለንም። ስለ ክበቡ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ (የ5ኛ ክፍል መምህርት፣ መርካቶ አካባቢ)፦ ልጆቹን «ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?» ስላቸው ዝም ይሉኛል። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ እኔም ጋ እንደዚያው ነበር። ልጁ ክፍል ውስጥ የለመደው መልስ መስጠት ነው። ድንገት ጥያቄ አምጣ ሲባል ፈተና ይመስለዋል። እሱን ተይውና «ትናንት ከትምህርት ቤት ወጥተህ ምን ስትሠራ ዋልክ?» በዪው። ውኃ ቀዳሁ፣ ከብት አገድኩ፣ ሱቅ ጠበቅኩ ይልሻል። ጥያቄው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። እኛ የሲሚንቶ ከረጢት ቀደን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል፤ የመጣለት ሁሉ ይጽፍበታል። በመጀመሪያው ሳምንት የተጻፈው 3 ጥያቄ ብቻ ነበር። አሁን ሁለተኛ ከረጢት ጨምረናል።

ጥያቄ፦ እስኪ አንድ ልጅ የሠራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገረን።

አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ አለች። እናቷ ቡና ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በላስቲክ እየቋጠረች ትሸጣለች። ልጅቷ «ስለ ቡና ነው የምፈልገው» አለችኝ። ስለ ቡና ምን? ይሄን ለመመለስ ሦስት ቅዳሜ ፈጀባት። በሦስተኛው «እማዬ ስትቆላው ለምንድን ነው የሚቀለው?» ብላ መጣች።

የጎረቤት ባለ ሱቅ ሚዛኑን አዋሳት። 250 ግራም ጥሬ ቡና መዘነች፤ ሲቆላ 212 ሆነ። በሌላ ቀን ያንኑ ያህል ተቆልቶ 205 መጣ። ተሳሳትኩ ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ደብተሯን ተቀብዬ ሳየው ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ዛሬ እማዬ ስልክ ስታወራ ጠቆረባት» ብላ ጽፋለች። «እስኪ ይቺን አንብቢያት» አልኳት። ጮክ ብላ አነበበች። ዝም አለች። ከዚያ ፊቷ በራ።

ጥሬ ቡና ውስጥ ያለው ውኃ ሲቆላ ይተናል፣ ገለፈቱም ይራገፋል። እየጠቆረ ሲሄድ ደግሞ ሌላውም ነገር ጋዝ እየሆነ ይወጣል። ይሄን መጽሐፍ ላይ ያነበብነው በኋላ ነው። እሷ ቀድማ በሚዛን ደርሳበታለች። እናቷ አሁን ዋጋ የምታወጣው ከቆላችው በኋላ መዝና ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ክፍል ውስጥ 70 ልጅ አለኝ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። እንዴት ይሆናል?

ሁሉንም በአንዴ አይሆንም። በየተራ አምስት አምስት ልጅ ይያዙ፤ በሳምንት 10 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጊዜ ለመቆጠብ ብለው ጥያቄውን እርስዎ እንዳይጽፉላቸው። እኔ አንድ ዓመት 20 ቆንጆ ቆንጆ ጥያቄ ጽፌ አደልኳቸው። ሁሉም ከመማሪያ መጽሐፉ ገልብጠው አመጡ። አንዱም የራሱን ነገር አልነገረኝም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄ (ወላጅ፣ ፈረንጅ አራዳ)፦ ልጄ ከኳስ ሌላ ነገር አያውቅም። ዘንድሮ ደግሞ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነው።

ኳሱን ራሱን ይጠይቅበት። 20 ቅጣት ምት በቀኝ፣ 20 በግራ ይምታና የገባውን ይመዝግብ። ወደ መቶኛ ሲቀይረው የሒሳብ ፈተናውን እየተለማመደ ነው። ፈተናው ሲቃረብ ግን ክበቡን ጋብ ያድርገው። እኔም 8ኛ ክፍሎችን እለቃቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ደብተር መግዛት ላቃተው ልጅ ምርምር ቅንጦት አይሆንም?

ይሄን ጥያቄ አከብረዋለሁ። ቁርስ ያልበላ ልጅ መጀመሪያ መብላት አለበት። ግን ምርምር የሀብታም ሥራ ነው የሚለውን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ታየ። ፍሬው እዛፉ ላይ እንዳለ ይጠቁርና ይረግፋል። እዚሁ እኛ ጋ፣ መልኮ ያሉት የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ምን አደረጉ? በሽታው የጠናባቸው ማሳዎች ውስጥ ሌላው ሲያልቅ ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ ፈለጉ። ከነዚያ ዛፎች ዘር ወስደው፣ ፈትነው፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አወጡ። ፍተናው መሣሪያ ይፈልጋል። ጅምሩ ግን እግርና ዓይን ነው፤ ያ ደግሞ የኛም ልጆች አላቸው።

አንዱ ተማሪዬ አባቱ በርጩማ ይጠርባል። «የጅማ በርጩማ ለምን ሦስት እግር ሆነ?» አለ። ሦስት እግር ያለውንና አራት እግር ያለውን ጎርበጥባጣ መሬት ላይ እየወሰደ አስቀመጠ። አራት እግሩ ይወዛወዛል። ባለ ሦስቱ ዘመም ቢል እንኳ አይወዛወዝም። ወጪው ዜሮ ብር።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ነው በኦሮምኛ የሚጽፉት?

በቀናቸው። አያቱን በኦሮምኛ ጠይቆ በአማርኛ የሚጽፍ አለ፣ የሚያቀላቅልም አለ። ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የጠየቁት ልጆች ጂሬን ድረስ ወጥተው ሽማግሌዎች አነጋግረዋል። የሰሙትን በሰሙበት ቋንቋ ነው የጻፉት። የፊደል ግድፈቱን መጨረሻ ላይ እናርማለን።

ጥያቄ፦ ስልክስ? ሁሉም መልስ እዚያ አለ።

ራሱ አይቶ ከጻፈ በኋላ ይክፈተው።

ጥያቄ (የ7ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ቲቸር፣ የአዌቱ ወንዝ ከተማ ውስጥ ሲገባ ለምን እንደሚደፈርስ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ጎሽ! ጥያቄህ ግሩም ነው፣ ግን ትንሽ እናጥበው። «የት ጋ ሲደርስ ነው የሚደፈርሰው?» ከሚለው ጀምር። ሦስት አንድ ዓይነት ባዶ ሃይላንድ ያዝ። አንዱን ከከተማው በላይ፣ አንዱን መሃል፣ አንዱን ከከተማው በታች ሙላ። ትልቅ ሰው አብሮህ ይሁን፤ ወንዙ ውስጥ አትግባ፣ ውኃውን አትቅመስ፣ ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ጠርሙሶቹ ሳይነኩ ይደሩ። ጠዋት ታች የዘቀጠውን ጭቃ በማስመሪያ ለካ። ዝናብ በዘነበ ማግስትና ባልዘነበ ቀን ብታደርገው ደግሞ ይለያያል። ቅዳሜ ይዘህልኝ ና። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ቦታውንና ሰዓቱን መጻፍ እንዳትረሳ።