ቀፎው ውስጥ ድር አደራ፤ ምስጥ ይሆን?

«ኅዳር ላይ ማሩን አጥርቼ ቆርጬ ነበር። አሁን አንዱን ቀፎ ብከፍተው ድር ሞልቶታል፤ ንቦቹም የሉም። የክዳኑ እንጨት ተቦርቡሯል። ምስጥ ይሆን? ምን ልርጭበት? ሁለተኛው ቀፎ ደህና ይመስላል።» ከጎጃም፣ አንድ ንብ አናቢ

ወንድማችን፣ ምስጥ ድር አያደራም። ክዳኑን በጣትዎ ይዳስሱት። እንደ ታንኳ የሾጠጠ ጎድጓዳ ካገኙና ዙሪያው ነጭ፣ ጠንካራ የድር ሽፋን ከተለጠፈ፣ የሰም እራት (ቀፎ የምታጠቃ የእሳት እራት ዓይነት) ትል የተጠቀለለበት ቦታ ነው።

እራቷ አመድማ ናት፤ ርዝመቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ሲመሽ ሾልካ ገብታ፣ የንብ አፍ የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ራሷ ምንም አትበላም። ጥፋቱ ሁሉ የትሉ ነው። ነጣ ያለ፣ ራሱ ቡናማ ትል የማር እንጀራውን (ንቦቹ በሰም የሠሩትን) ሰርስሮ ይሄዳል፤ ከኋላው ድርና ጥቁር ፍርፋሪ ይተዋል። ፍርፋሪው ኩሱ ነው። አውሮፓ ውስጥም የንብ አናቢ ጠላት ነው፤ እዚያ ግን የክረምቱ ብርድ ያስታግሰዋል። እኛ ቆላ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይራባል።

ያም ሆኖ ንቦቹን ያባረራቸው እሱ አይመስለኝም። ማሩን «አጥርቼ» ቆረጥኩ ብለዋል፤ ምንም አላስቀሩላቸውም ማለት ነው። አበባው አልቆ በጋው ሲገባ ምን ይብሉ? ተርበው ተመናመኑ ወይም ጥለው ሄዱ። ብርቱ መንጋ ትሉን ጎትቶ ያወጣዋል፤ እርስዎ ዘንድ ግን እራቷ ጠባቂ የሌለው ቤት አገኘች።

ስለዚህ ምንም አይርጩ። ፀረ ተባይም ሆነ ከሱቅ የሚገዛ ነፍታሊን ሰሙ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ ወደ ማሩ ይገባል።

ይልቅ እንጀራውን ያቅልጡት፣ ያውም በዚህ ሳምንት። ጥቁሩን አሮጌ እንጀራ ሰባብረው በውኃ ይዘፍዝፉትና ይደር። ጠዋት ንጹሕ ጆንያ ውስጥ ከተው አፉን ይሰሩና በአሉሚኒየም ድስት ውኃ ውስጥ ይቀቅሉት። የብረት ዕቃ ሰሙን ያጠቁረዋል። ውኃ ሳይኖር እሳት ላይ እንዳይጥዱት፣ ይነድዳል። ጆንያውን በዱላ ደጋግመው ይጫኑት፤ ሰሙ ወጥቶ ይንሳፈፋል። ሲቀዘቅዝ ረግቶ ያገኙታል፤ ከሥሩ ያለውን እድፍ ፍቀው ይጣሉ። እንቁላሉም ትሉም አብሮ ተቀቀለ፣ እርስዎም የሚሸጥ ሰም አገኙ። ባዶውን ቀፎ በቢላ ፍቀው፣ የእንጨቱን ውስጥ በችቦ ለብለብ ያድርጉት።

አንድ ነገር ግን ልቆጣ። ብዙ ሰው «መንጋ ይስባል» እያለ አሮጌ እንጀራ ባዶ ቀፎ ውስጥ ይተዋል። ይስባል፣ እራቷን! ትሉ በሰም ብቻ አይጠግብም። የሚያፋፋው የንብ እጭ ያደገበት ጥቁር እንጀራ ነው፤ እጮቹ የገፈፉት ቆዳና የአበባ ዱቄት እዚያ አለ። መንጋ ለመሳብ ግድግዳውን በትንሽ ሰም አሽተው በወይራ ማጠን ይበቃል።

ደህና ነው ያሉት ሁለተኛው ቀፎ ያሳስበኛል። እሱንም አጥርተው ቆርጠውት ይሆናል። አመሻሽ ላይ ይክፈቱት። ንብ ያልሸፈነውን እንጀራ ሁሉ አውጥተው ከሌላው ጋር ያቅልጡት። ሲጠብባቸው የቀረውን መጠበቅ ይችላሉ። ስንጥቁን በእበት ይምረጉ፣ መግቢያውን ያጥብቡ። ማር ከሌላቸው ስኳርና ውኃ እኩል በጥብጠው አበባ እስኪመጣ ይስጧቸው፤ ቀፎው ውስጥ ሲመሽ ያስቀምጡት፣ ደጅ ከሆነ የጎረቤት ንብ ይዘርፋቸዋል።