የአጎትህ ቴክትሮኒክስ 465

ወንድሜ፣ ከአጎትህ የሬዲዮ መጠገኛ ዕቃዎች መሃል ያገኘኸው «ቴክትሮኒክስ 465» ምን እንደሆነና ስንት እንደሚያወጣ ጠይቀሃል። ኦሲሎስኮፕ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን ያሳያል። ባለ ሁለት ቻናል (ሁለት ሞገድ ባንዴ የሚያሳይ)፣ እስከ 100 ሜጋኸርዝ ድግግሞሽ የሚለካ፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ስመ ጥር የነበረ ዕቃ። ሲሪያል ቁጥሩ በላቲን «ቢ» ከጀመረ አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ቢቨርተን ነው የተሠራው።

ከመሰካትህ በፊት ግን የቮልቴጅ መምረጫውን እይ። 115 ላይ ሆኖ የእኛን 220 ከሰጠኸው ጉድ ፈላ! 230 ላይ አድርገው። ክዳኑንም አትክፈት፤ ውስጡ ያለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ቀልድ አያውቅም።

ሲበራ ቀጭንና ጥርት ያለ መስመር ካወጣ፣ ፕሮቡን (የመለኪያ ገመዱን ጫፍ) ካሊብሬተሩ ላይ፣ ማለትም ዕቃው ራሱ የመሞከሪያ ሞገድ በሚሰጥበት ቦታ ላይ፣ ስታስነካው ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ ካሳየ፣ እሰየው። ፊት ለፊት ያሉትን ማዞሪያዎች ስታዞር መስመሩ ቢዘል አትደንግጥ፤ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነው፣ ይጸዳል። ስክሪኑ ላይ የተቃጠለ ምልክት ካለ ግን ዋጋው ይወርዳል፤ የስክሪኑ ቱቦ እንደ ልብ አይገኝማ።

ዋጋውን ኢቤይ (የኢንተርኔት ገበያ) ላይ ስታይ ሻጭ የጠራውን ተወው፤ የተሸጠበትን ፈልግ። ዕቃው ከባድ ስለሆነ ማጓጓዣው ትርፉን ይበላዋል። እኔ ብሆን እዚሁ ለጥገና ባለሙያ እሸጠው ነበር። ፕሮቦቹንና ማኑዋሉን እንዳትጥል!