ካፓሲተሩ ለምን ደጋግሞ ያብጣል?

አንድ የዱቄት ፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ጽፎልኛል። ወፍጮዎቹ ላይ አራት ባለ 37 ኪሎዋት ድራይቭ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ካስገቡ ወዲህ የፓወር ፋክተር ካፓሲተሮቹ (ሞተሮች የሚፈልጉትን ሥራ የማይሠራ ኃይል፣ ኬቫሩን፣ የሚያካክሱት) ሆዳቸው እየተነፋ፣ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ጀሪካን ሆነዋል። ሁለቴ ተቀይረዋል። ትራንስፎርመሩ 315 ኬቪኤ፣ ኢምፒዳንሱ 4 በመቶ፣ የካፓሲተሮቹ ስብስብ (ባንኩ) 150 ኬቫር ነው።

ወንድሜ፣ ሦስተኛውን አትግዛ። ጥፋቱ የካፓሲተሩ አይደለም።

የድራይቩ መግቢያ ባለ ስድስት ዳዮድ ሬክቲፋየር ነው። ከረንት የሚስበው ቮልቴጁ ጫፍ አካባቢ ሲደርስ ብቻ፣ እየነጠቀ ነው። በኦሲሎስኮፕ ብታየው ለስላሳ ሞገድ የለም፤ እንደ በሬ ቀንድ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የቆመ ነገር ታያለህ። በዚያ ውስጥ 250 እና 350 ኸርዝ አሉ፤ የመስመሩ 50 ኸርዝ አምስትና ሰባት እጥፍ ስለሆኑ አምስተኛና ሰባተኛ ሃርሞኒክ የምንላቸው።

አሁን አስላው። 315ን ለ0.04 ስታካፍል 7875። እሱን ለ150 አካፍልና ስኩዌር ሩቱን አውጣ፤ 7.2 ይመጣል። ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሩ አብረው የሚያስተጋቡበት (ሬዞናንስ) ከ50 ኸርዝ ስንት እጥፍ ላይ እንደሆነ የሚነግርህ ይህ ቁጥር ነው። አየህ? ባንኩ ሙሉ በሙሉ ሲገባ ከትራንስፎርመሩ ጋር ሰባተኛው ሃርሞኒክ ደጃፍ ላይ ይገጥማሉ። ትንሹ ከረንት እዚያ ይገነናል።

ለማረጋገጥ ድራይቮቹ እየሠሩ የካፓሲተሩን ከረንት በትሩ አርኤምኤስ ክላምፕ ሜትር ለካ። ተራው ሜትር የተጣመመ ሞገድን አሳንሶ ያነባል። ስም ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው በግልጽ ከበለጠ ነገሩ ይኸው ነው። ባንኩን ካጠፋህ በኋላ ቻርጁ እስኪወርድ ጠብቅ፤ በሜትር ሳታይ እጅህን አታስገባ፣ እባክህ።

መፍትሔው ከድራይቩ ይጀምራል። መጀመሪያ ማኑዋሉን እይ፤ ውስጡ ቾክ (ከረንቱን የሚያለሰልስ ጥቅል ሽቦ) ካለው ግማሹ ሥራ አልቋል። ከሌለው ለእያንዳንዱ 3 በመቶ የመስመር ሬአክተር (ከውጭ የሚገጠም ቾክ) ግጠም፤ 72 አምፔር ለሚስብ ድራይቭ 0.3 ሚሊሄንሪ ገደማ ነው። ያለ ቾክ 80 በመቶ ሊያልፍ የሚችለው የከረንቱ ሞገድ መዛባት ወደ 40 አካባቢ ይወርዳል። ለትልልቅ ጭነት ባለ 12 ፐልስ ሬክቲፋየር አለ፤ ለእናንተ ግን ወጪው አያዋጣም።

ቀጥሎ፣ ያ ሁሉ 150 ኬቫር ያስፈልጋችኋል ወይ? ከድራይቭ ጀርባ ያለ ሞተር የኬቫር ዕዳውን መስመሩ ላይ አይጥልም። አስልተህ ቀንስ። ለሚቀረው በተከታታይ 7 በመቶ ሬአክተር አስገባ፤ የሬአክተሩና የካፓሲተሩ ሬዞናንስ 189 ኸርዝ ላይ ይወርዳል፣ ከአምስተኛው በታች። ካፓሲተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ግን ከ400 ወደ 430 ከፍ ይላል። ስለዚህ ባለ 480 ቮልቱን እዘዝ፣ ሻጩ 400 ይበቃል ቢልህም። ሬአክተሩ ይሞቃል፤ ከካፓሲተሩ ሥር ሳይሆን ከላይ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጠው።