አርቪ ከመከራየትሽ በፊት ርዝመቱን በጽሑፍ አስይዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ጁላይ ላይ ከሶልት ሌክ ሲቲ አርቪ (መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና) ተከራይታችሁ ከልጆች ጋር ግራንድ ቲተን፣ የሎውስቶንና ግሌሸር የሚባሉትን የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ለማየት አስባችኋል፤ «ምን እናዘጋጅ?» ነው ያልሽው። ሰው ሁሉ ስለ ብርድ ልብስና ስለ ማጣጠፊያ ወንበር እየነገረሽ ነው። እሱ ይደርሳል፣ መንገድ ላይም ይገዛል። እኛ ይቺኑ ጉዞ ከልጆቻችን ጋር ሄደናታል። እኔ የምነግርሽ ገንዘብና እንባ የሚያስወጣውን ነው።

1. የመኪናው ርዝመት። ግሌሸር ውስጥ ጎይንግ ቱ ዘ ሰን የሚባል መንገድ አለ። 50 ማይል ገደማ ይሆናል፤ በ1933 ነው የተመረቀው። ገደሉን ታኮ ሎጋን ፓስ ላይ 6,646 ጫማ ከፍታ ይወጣል። አብዛኛው ሰው ግሌሸር የሚሄደው ለዚህ መንገድ ሲል ነው። ታዲያ ከአቫላንሽ ካምፕግራውንድ (የካምፕ ሰፈር) እስከ ራይዚንግ ሰን ባለው ክፍል ከ21 ጫማ የረዘመ ወይም ከ8 ጫማ የሰፋ መኪና አይገባም። ርዝመቱ ከፓራውልት እስከ ፓራውልት ነው የሚለካው፣ ስፋቱ ደግሞ ስፖኪዮውን ጨምሮ። ቁመቱ ከ10 ጫማ ካለፈም ከሎጋን ፓስ ወደ ምዕራብ ስትወርጂ ድንጋዩ ከላይ ስለሚያጎነብስ ትቸገሪያለሽ።

እኛ ይህን አጣርተን ነው 19 ጫማ ካምፐር ቫን ያስያዝነው። መኪናውን ልንረከብ ስንሄድ ሠራተኛዋ ቁልፍ ገፋ አደረገችልንና «በነጻ አፕግሬድ አድርገንላችኋል» አለች። ውጪ የቆመው 25 ጫማ አርቪ ነው። ቫኑስ? ስንላት ውሉን አወጣች። «ወይም ተመሳሳይ» የምትለዋን ደቃቃ ጽሑፍ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ጠቅ ጠቅ እያደረገች አሳየችን። ስለ 21 ጫማው ስነግራት «የት እንደምትነዱት የኛ ጉዳይ አይደለም» ብላ ከኋላዬ የቆመውን ሰው ጠራች። ልጆቹ ሻንጣ ላይ ተቀምጠዋል፣ ካምፕሳይቱ (የምናድርበት የካምፕ ቦታ) ሁሉ ተከፍሎበታል። ምን ትያለሽ? ያ ንቀት እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነጻ የተባለው አፕግሬድ ደግሞ ነጻ አይደለም። ነዳጅ ይጠጣል። ካምፕሳይት ሲያዝ ለእያንዳንዱ ቦታ የሚበቃው የመኪና ርዝመት ተጽፎ ይቀመጣል፤ ግሌሸር ላይ የያዝነው እስከ 21 ጫማ ብቻ ስለሚል እሱም ከእጃችን ወጣ። ከፓርኩ ውጪ የግል አርቪ ፓርክ ፈልገን፣ እጥፍ ከፍለን ነው ያደርነው። ወደ ማዶ ለመሻገርም በደቡብ በኩል በዩኤስ 2 አውራ ጎዳና መዞር ነበረብን።

ባለቤቴ ግን የዋዛ ሴት አይደለችም። 19 ጫማ የሚለውን የማረጋገጫ ኢሜይል ስልኳ ላይ ከፍታ፣ «ሥራ አስኪያጁ ሳይመጣ ከዚህ አንነቃነቅም» አለች። መጣ። ድምጿን ከፍ ሳታደርግ አንድ በአንድ አስረዳችው። ቫን ባያገኝልንም በማይል የሚታሰበውን ክፍያ ሙሉ በሙሉ አስነሳችው። እኔ እንኳ ያን ያህል ይሆናል አላልኩም ነበር።

ስለዚህ አንቺ ገና ሳትከፍዪ ጻፊላቸው፦ ከ21 ጫማ በላይ የሆነ መኪና አልረከብም፣ ከሌላችሁ ገንዘቤን ትመልሳላችሁ በያቸው። መልሱ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይምጣ። ስትረከቢም ሜትር ይዘሽ ሂጂ። መሬት ላይ ዘርግተሽ ከፊት ፓራውልት እስከ ኋላው ራስሽ ለኪ፤ ቢገላምጡሽም ለኪ። እዚያው እያለሽ ኢንሹራንሱ የጣሪያ ጉዳት ይሸፍን እንደሆነ ጠይቂ፤ ብዙ ውል ጣሪያንና የመኪናውን ሆድ አይሸፍንም።

ትልቁን መኪና ከሰጡሽም መንገዱ አይቅርብሽ። ግሌሸር ውስጥ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያሉ፣ ጣሪያቸው ሸራ የሆነ ቀያይ አውቶቡሶች አሉ። አርቪውን አቁመን በነሱ ወጣን። ሲቆም ሸራው ተጠቅልሎ ልጆቹ ወንበር ላይ ቆመው ተራራውን አዩ። እኔም መሪ ስላልያዝኩ ገደሉን ሳይሆን ፏፏቴውን አየሁ። ትኬቱን ግን ቀደም ብለሽ ያዢ።

2. ቦታ ማስያዝ። የግራንድ ቲተን ካምፕግራውንዶች ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት የማስያዣ ድረ ገጽ ላይ ከ6 ወር በፊት ነው የሚከፈቱት፤ በማውንቴን ሰዓት (በዚያው አካባቢ ሰዓት)፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት 8 ላይ። ለጁላይ ከሆነ በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። አካውንትሽን ከፍተሽ፣ ካርድሽን አስገብተሽ ጠብቂ። የሎውስቶን ላይ ደግሞ ትልልቆቹ 5 ካምፕግራውንዶች እዚያ ገጽ ላይ የሉም፤ የፓርኩን ሆቴሎች የሚያስተዳድረው ድርጅት ገጽ ላይ ናቸው። ከነሱ ፊሺንግ ብሪጅ ብቻ ነው መብራት፣ ውሃና የፍሳሽ መስመር አንድ ላይ ያለው። ግሪዝሊ ድብ የሚበዛበት ስለሆነ ድንኳንም ሆነ ሸራ ያለው ተጎታች አይፈቀድም። ለልጆቹ ከጎን ድንኳን እንተክላለን ብለሽ ከሆነ እዚያ አይሆንም። ሌሎቹ ጋ መብራት የለም፤ ጄኔሬተር በሚፈቀድበትም ሰዓት አለው።

3. ቁልቁለት። ከአይዳሆ በኩል ግራንድ ቲተን አጠገብ ወዳለችው ጃክሰን ከተማ ከመጣሽ ጂፒኤሱ አጭር ነው ብሎ ቲተን ፓስ ላይ ይወስድሻል። 8,431 ጫማ ነው፣ ቁልቁለቱ 10 በመቶ ይደርሳል። ከባድ መኪና ለማታውቅ ሴት አልመክርም። ከስዋን ቫሊ በዩኤስ 26 ወደ አልፓይን፣ ከዚያ የስኔክ ወንዝን ተከትለሽ በዩኤስ 89 ግቢ። ይረዝማል፣ ግን ልብሽ አይንጠለጠልም። የትም ብትወርጂ ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንሺ፤ ፍሬን ላይ ተኝተሽ አትውረጂ። ከፊታችን ሲወርድ የነበረ አንድ አርቪ ጎማው ሲጨስ አይተናል። የተቃጠለ ፍሬን ሽታው መስኮት ዘግተሽም ይገባል።

የአርቪውን ቆሻሻ ስታራግፊ ደግሞ የሽንት ቤቱን ታንክ ሁልጊዜ መጀመሪያ ድፊ፣ የእቃ ማጠቢያውን ውሃ ቀጥለሽ፤ ቱቦውን ያጥብልሻል። ጓንት ብዙ ያዢ።

የትኛውን መኪና እንዳሰባችሁና በየትኛው ቀን እንደምትነሡ እዚሁ ጻፊልኝ። ርዝመቱን ከነገርሽኝ የትኛው ካምፕሳይት እንደሚበቃችሁ ከባለቤቴ ጋር አይተን እንነግርሻለን።