የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ማንጎ ማንጎ የሚሸተው ፍላሽ ዲስክ

ሰላም ሰላም ውድ አንባቢዎች! የዚህ ወር ደብዳቤዎቻችሁ ከግማሽ በላይ ስለ ልጆችና ስለ ሱስ ስለሆኑ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ዛሬ እዚሁ ላይ እንቆያለን። ለማታውቁኝ፣ ነርስ ነኝ፣ ብዙ ዓመት የሰራሁት ት/ቤት ክሊኒክ ውስጥ ነው፣ ስለዚ የምመልሰው ግማሹ ከተማርኩት፣ ግማሹ ደሞ እዛች ጠባብ ክፍል ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው «ሆዴን አሞኝ ነው» ሲሉኝ ከነበሩ ልጆች ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ እንደምን አለሽ። የ15 ዓመት ልጅ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ዩኒፎርሙን ላጥብ ብዬ ቦርሳውን ስፈታ ፍላሽ ዲስክ የመሰለ ነገር አገኘሁ፣ ሳሸተው ማንጎ ማንጎ ይላል። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ልጅ ስልክላት «ኧረ አክስቴ ቬፕ ነው» አለችኝ። መልሼ እንደነበረ አስቀመጥኩት፣ ለሱ ምንም አላልኩትም፣ ለአባቱ ግን ነገርኩት። አባቱ «ወይ ገርፌ አስተወዋለሁ ወይ ወስጄ አስመረምረዋለሁ» እያለ ነው። እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ይኸው 8 ቀኔ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ውጤቱም አልቀነሰም፣ ብቻ ነጭናጫ ሆኗል። የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ያጠፋሽው ነገር ካለ እኔ ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁትም፣ ስለዚ እሱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊውና ዛሬ ማታ ተኚ።

ስለ ቬፑ። ቬፕ ማለት ፈሳሽ በባትሪ እያሞቀ እንፋሎቱን የሚያስስብ ኤሌክትሪክ ሲጋራ ነው። «ሲጋራ እኮ አይደለም» ብሎ የሚያቃልልሽ ሰው አይጠፋም። እውነት አለው፣ የሲጋራ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካል አለ፣ ወደ 70 የሚሆኑት ካንሰር አምጪ ናቸው፣ ቬፕ ውስጥ ትምባሆ ስለማይቃጠል ያ ሁሉ የለም። ግን ይሄ ንፅፅር የሚጠቅመው ለ20 ዓመት ሲጋራ ላጨሰ ሰው ነው፣ ልጅሽ ትናንት ምንም የማያጨስ ልጅ ነበር፣ እሱን የምናወዳድረው ከዛው ከትናንቱ ጋር ነው። ዋናው ጣጣ ደሞ ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲኑ ነው። አንዴ ሲሳብ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ውስጥ ጭንቅላት ይደርሳል። ሲጋራ ጀማሪውን ያስለዋል፣ ጉሮሮውን ይከረክረዋል፣ ስንቱ ልጅ በዛ ምክንያት ብቻ እንደተወው አውቃለሁ፣ የአሁኖቹ ቬፖች ግን ብዙዎቹ ኒኮቲኑን ሶልት (ጨው) በሚሉት መልክ ስለሚያዘጋጁት ጉሮሮ ላይ ይለሰልሳል፣ ብዙ ይገባል አይታወቅም። ይሄን ፍላሽ ዲስክ የመሰለውን ቅርፅ ያስለመደው በ2015 አሜሪካ ገበያ ላይ የወጣው ጁል የሚባለው ቬፕ ነው፣ አንዷ ካርትሪጁ (የፈሳሹ መያዣ) የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ኒኮቲን እንዳላት አምራቹ ራሱ ነበር የሚናገረው።

መነጫነጩም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። ክፍል ውስጥ ሰዓታት ሳይስብ ሲቆይ ሀራራው ይጀምረዋል፣ እረፍት ላይ ሲስብ ቀጥ ይልለታል፣ ከዛ ጭንቅላቱ «ቬፕ ያረጋጋኛል» ብሎ ይመዘግባል፣ መጀመሪያውኑ የረበሸው ማን እንደሆነ አያየውም። (15 ዓመት በራሱ ያነጫንጫል ደሞ፣ ሁሉንም ቬፑ ላይ እንዳትለጥፊው።)

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? መልሰሽ ማስቀመጥሽ ይገባኛል፣ ደንግጠሽ ነው፣ ግን እንዳላየሽ ሆነሽ ስለላ ውስጥ አትግቢ። ዝም ብለሽ ከቆየሽ ወይ አባቱ ያፈነዳዋል ወይ አንቺ ራስሽ ባላጠበው ሰሀን ምክንያት ትፈነጂበታለሽ። ንገሪው፣ ግን ፊት ለፊትሽ አስቀምጠሽው አይሁን፣ በዚህ ዕድሜ አይን ለአይን ስትገጥሚያቸው ይዘጋሉ፣ አብራችሁ መንገድ ስትሄዱ ወይ እቃ ስታጥቡ ይሻላል፣ እጃቸውና አይናቸው ስራ ሲይዝ አፋቸው ይፈታል። እንዲህ በይው፦ «ልብስህን ላጥብ ስል ቬፑን አየሁት። አልተናደድኩም አልልህም። ግን ከሁሉም በላይ ማወቅ የምፈልገው ምን እንደሚሰጥህ ነው።»

ይቺን «ምን ይሰጥሃል» የምትለዋን አትርሻት። «ለምን አጨስክ?» ስትይው የሚሰማው ክስ ነው፣ ለክስ መልሱ «እንጃ» ነው፣ በቃ ንግግሩ እዛው አለቀ። እኔ ክሊኒክ ውስጥ «ምን ይሰጥሃል» ብዬ ስጠይቅ አንዱ «እረፍት ላይ አብሬው የምቆመው ሰው» አለኝ፣ አዲስ ገቢ ነበር፣ አንድም ጓደኛ የለውም። አንዷ «እንዳይርበኝ፣ እንዳልወፍር» አለችኝ። አንዱ ደሞ ቤት ውስጥ እናትና አባቱ ሲጨቃጨቁ ሽንት ቤት ገብቶ እንደሚስብ ነገረኝ። እነዚህ ሶስት ልጆች እጃቸው ላይ ያለው እቃ አንድ አይነት ነው፣ የሚያስፈልጋቸው ነገር ግን አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም። የልጅሽን ሳታውቂ ምን እንደምታደርጊ እኔም ልነግርሽ አልችልም።

«ሁሉም ያጨሳል» የሚልሽ ከሆነ አትከራከሪው፣ «ስም ሳትጠራ ከክፍልህ በጣትህ ቁጠርልኝ» በይው። ልጆች እኩዮቻቸው የሚያጨሱትንና የሚጠጡትን ከእውነታው አብዝተው ነው የሚገምቱት፣ ሲቆጥር ራሱ ይገርመዋል።

አባቱን በተመለከተ፣ እኔን አባቴ በ16 ዓመቴ ሲጋራ ይዞኝ በቀበቶ ነው የገረፈኝ፣ ያቆምኩት በ29 ዓመቴ ነው፣ ያውም ነርስ ሆኜ። በመሀል ያሉት 13 ዓመታት ማስቲካና ሽቶ ስገዛ ነው ያለፉት። ይሄን ለባልሽ አንብቢለት። ምርመራውንም ቢሆን የአሜሪካ የህፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ወላጅ በራሱ ተነስቶ ቤት ውስጥ ልጁን «ዕፅ ወስዷል ወይ» ብሎ መመርመሩን አያበረታታም፣ የምታውቁትን ነገር ነው ደግሞ የሚነግራችሁ፣ በለውጡ እምነቱን ታጣላችሁ። ሐኪም ጋ የሚወሰደው ልጁ አውቆና ተስማምቶ፣ ለእርዳታ ሲሆን ነው።

ማስፈራራትና ሌክቸርም ተሞክሯል። በ1983 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዴር የሚባል ፕሮግራም ተጀምሮ ፖሊስ ክፍል እየገባ ስለ ዕፅ ያስተምር ነበር፣ ብዙ አገር ተዳረሰ፣ በኋላ ተደጋግሞ ሲጠና የተማሩትና ያልተማሩት ልጆች መሀል ይሄ ነው የሚባል ልዩነት ጠፋ። አይስላንዶች ግን ሌላ መንገድ ሄዱ። በ1998 ከ15 እና 16 ዓመት ልጆቻቸው 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረናል ብለው ነበር፣ በ2016 5 በመቶ ቀረ፣ በየቀኑ ሲጋራ የሚያጨሰው ደሞ ከ23 ወደ 3 በመቶ ወረደ። ምን አደረጉ? ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በክረምት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻውን ውጪ እንዳይሆን፣ ሲጋራ ከ18 በታች፣ መጠጥ ከ20 በታች ላለ እንዳይሸጥ፣ ለስፖርትና ለሙዚቃ ክለብ የመንግስት ብር፣ ወላጆች ደሞ እየተጠራሩ ማታ ማታ ሰፈሩን መዞር፣ ቅዳሜን ብቻ ሳይሆን አዘቦቱንም ከልጅ ጋር ማሳለፍ። ባልሽ ቀበቶውን የሚያነሳበትን ጉልበት ወደዚህ ቢያዞረው በጣም ነው የሚጠቅመው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጠዋት ከእንቅልፉ እንደተነሳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚስብ ከሆነ ሱሱ ስር ሰዷል ማለት ነው፣ ሐኪም አማክሩ። ሲያቆም የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ናቸው የሚከብዱት፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት እየቀነሰ ይሄዳል፣ በነዛ ቀናት ቢጮህብሽ ሀራራው ነው የሚጮኸው።

ጥያቄ፦ እኔ አባት ነኝ፣ ለሌሎች አባቶች ምክር ይሆናል ብዬ ነው። የ14 ዓመት ልጄን አልፎ አልፎ ከፊቴ ቢራ አቀምሰዋለሁ። ውጪ ከማያውቀው ጋር ከሚጀምር ቤቱ ልኩን ቢማር አይሻልም?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሀሳብዎ ከፍቅር እንደመጣ አያጠራጥርም፣ እኔም ድሮ ልክ ይመስለኝ ነበር። ግን አውስትራሊያ ውስጥ ወደ 1,900 የሚሆኑ ልጆችን ለ6 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2018 ታትሞ ነበር፣ ከወላጅ እጅ መጠጥ ያገኙት ልጆች ካላገኙት የበለጠ ልክ አላወቁም፣ ይባስ ብሎ ከሌላ ሰው የማግኘት ዕድላቸውም ጨመረ። ከ15 ዓመት በፊት መጠጣት የጀመረ ሰው እስከ 20ዎቹ ከቆየው ጋር ሲነፃፀር የመጠጥ ጥገኛ የመሆን ዕድሉ 4 እጥፍ ገደማ ነው። የልጅ ጭንቅላት ደሞ፣ በተለይ «ይቅርብኝ» የሚለው የፊተኛው ክፍል፣ እስከ 25 ዓመት ድረስ ገና እየተሰራ ነው፣ ልኩን የሚያውቀው ክፍል ሳያልቅ ልክ ማስተማር ይከብዳል። ልክ እንዲማር ከፈለጉ እርስዎ ሁለተኛውን ብርጭቆ «ለኔ በቃኝ» ብለው ሲመልሱ ይይዎት። አይተውት ከሆነ ልጆች የምንናገረውን ሳይሆን ብርጭቆውን ነው የሚቆጥሩት።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ 16 ዓመቴ ነው። ልደት ላይ ጓደኛዬ በጣም ጠጥታ ወደቀች፣ ስንጠራት አትመልስም፣ ሰውነቷ ቀዝቅዟል። ቡና አጠጣናት፣ ፊቷን በውሀ አጠብናት፣ ከዛ አስተኝተናት ወጣን። ጠዋት ደህና ሆና ተነሳች። ግን እስካሁን እየመጣ ያስጨንቀኛል። ምን ማድረግ ነበረብን? ቤተሰብ እንዳይሰማ ፈርተን ነው።

መልስ፦ የኔ ቆንጆ፣ እንኳን ተነሳች። መጨነቅሽ ልክ ነው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን እድለኞች ነበራችሁ።

ቡና አያበርድም፣ ቀዝቃዛ ውሀም አያበርድም፣ ስካርን የሚያወጣው ጉበት ነው፣ ጉበት ደሞ በሰዓት አንድ መለኪያ ያህል ነው የሚሰራው፣ ማንም አያስቸኩለውም። እንደውም ራሷን ለሳተች ልጅ የሚጠጣ ነገር መስጠት ወደ ሳንባዋ እንዲገባ ማድረግ ነው። «ትተኛና ይለቃታል» የሚባለው ነገር ነው ሰው የሚገድለው፣ ለምን መሰለሽ፣ መጨረሻ ላይ የጠጣችው ገና ሆዷ ውስጥ ነው፣ ተኝታም ደሟ ውስጥ ያለው አልኮል እየጨመረ ይሄዳል። በጀርባዋ ተኝታ ብታስታውክ ትታነቃለች።

ሌላ ጊዜ (አይድረስ) እንዲህ አድርጉ። ጥሯት፣ ትከሻዋን ቆንጥጧት። ካልነቃች፣ ትንፋሿ ከዘገየ ማለትም በደቂቃ ከ8 ካነሰ ወይ በመሀል 10 ሰከንድ ያህል ከተቋረጠ፣ ከንፈሯ ወይ ጥፍሯ ከጠቆረ፣ ተኝታ ካስታወከች፣ ካንቀጠቀጣት፣ ከነዚህ አንዱ ብቻ ከታየ ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ። እስኪመጣ በጎኗ አስተኟት፣ ጉልበቷን አጥፋችሁ እንዳትገለበጥ ደግፏት፣ አንድ ሰው አጠገቧ ይቀመጥ ትንፋሿን ይቁጠር። ብቻዋን አትተዉአት፣ ለትንፋሿም ነው፣ ራሷን የማታውቅ ልጅ ባለችበት ክፍል ማን ገብቶ እንደሚወጣ ስለማታውቁም ነው። ክኒን ወስዳ ከሆነ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ፣ በተለይ የእንቅልፍ ወይ ጠንካራ የህመም ማስታገሻ ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያቆማል። ሐኪሙ ማን እንደገዛ፣ የማን ቤት እንደሆነ አይደለም የሚያሳስበው፣ ምን እንደወሰደች፣ ስንት ሰዓት እንደወሰደች ነው።

ቤተሰብ ይቆጣል፣ አዎ። እኔም እናት ነኝ፣ ልጄ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደውላ «ማሚ ጓደኛዬ አልነቃ አለችኝ» ብትለኝ መጀመሪያ እሄዳለሁ፣ ቁጣው ለነገ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ ማታ ማታ ሀሺሽ ካላጨስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ተክል ስለሆነ ሱስ አያስይዝም ይባላል። ልክ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትምባሆም እኮ ተክል ነው። ካናቢስ (ሀሺሽ የሚሰራበት ተክል) ከሚጠቀሙ ሰዎች ወደ 9 በመቶው ሱስ ይይዛቸዋል፣ በአስራዎቹ ዕድሜ ከጀመሩት ግን ከ6 አንዱ ነው፣ እና «ካላጨስኩ አልተኛም» የምትለው ዓረፍተ ነገር ራሷ መልሱን ይዛለች። የእንቅልፉ ነገር እንዲህ ነው፣ ሀሺሽ ህልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍል ይጨቁነዋል፣ ስታቆም እሱ ተመልሶ ሲመጣ ለጥቂት ሳምንታት በደንብ አትተኛም፣ ቁልጭ ያለ ህልም ታያለህ፣ ልጆች እዛ ጋ ነው «ይኸው ያለሱ አልችልም» ብለው የሚመለሱት። ያልፋል። ከቤተሰብህ አእምሮው የታመመ ሰው ካለ፣ ወይ አጭሰህ ሰው የሚከታተልህ የሚመስልህ ከሆነ ግን ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ጋ ሂድ፣ በልጅነት የተጀመረና ጠንከር ያለ ሀሺሽ ለሳይኮሲስ (ከእውነታው ለሚያለያይ የአእምሮ ህመም) እንደሚያጋልጥ በደንብ የሚታወቅ ነገር ነው። ሐኪሙን መጠየቅ ያለብህ ደሞ እንቅልፍ ለምን እምቢ እንዳለህ ነው፣ ከሀሺሹ በፊት የነበረውን።

ጥያቄ፦ ሺሻ በውሀ ስለሚጣራ ከሲጋራ ይሻላል ኣ?

መልስ፦ ውሀው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፣ አያጣራውም። አንድ ሰዓት ሺሻ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከአንድ ሲጋራ ጋር ሲነፃፀር ከ100 እስከ 200 እጥፍ የሚሆን ጭስ ነው የሚስበው፣ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይቆጠር። ሲነሳ ራሱን የሚያዞረው «ሺሻው ጥሩ ነበር» ማለት አይደለም፣ ኦክስጅን አንሶት ሊሆን ይችላል፣ መስኮት ክፈቱለት።