ካራቫን እየጎተቱ የናላርቦርን ሜዳ ስለማቋረጥ

ጤና ይስጥልኝ። በአውስትራሊያ በጋ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በጥር ወር፣ ከባለቤትዎና ከሁለት ልጆችዎ ጋር ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) እየጎተታችሁ ከፐርዝ አዴላይድ በሦስት ቀን ለመግባት እንዳሰባችሁ ገልጸው፣ የናላርቦር ሜዳ ያሰጋ እንደሆነና ምን መያዝ እንደሚገባ ጠይቀዋል። መንገዱን በሁለቱም አቅጣጫ ካራቫን እየጎተትኩ ተመላልሼበታለሁ፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የሦስት ቀኑን ዕቅድ እንድትተዉት አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

መንገዱ ራሱ አያስፈራም። ሜዳውን የሚያቋርጠው ኤይር ሀይዌይ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ነው፤ በምዕራብ ካለችው ከኖርስማን ከተማ በምሥራቅ እስካለችው ሴዱና ባለው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይም ነዳጅ፣ ምግብና ማደሪያ የሚገኝባቸው ማረፊያዎች ከ200 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ይገኛሉ። አደጋው ያለው ከድካምና ከጨለማ ላይ ነው። ከፐርዝ እስከ አዴላይድ ያለው ርቀት 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በሦስት ቀን ለመጨረስ በየቀኑ 900 ኪሎ ሜትር መንዳት ያስፈልጋል፤ ካራቫን ለሚጎትት ሰው ደግሞ ይህ ያለ ዕረፍት እንኳ አሥር ሰዓት የሚፈጅ በመሆኑ፣ ካንጋሩና ኢሙ የተባለው ትልቅ ወፍ ወደ አስፋልቱ በሚወጡበት በማለዳና በምሽት መንዳት ግድ ይሆናል። ከኋላ ሁለት ቶን የሚገፋው መኪና በቅርብ ርቀት አይቆምም፤ መሪ ጠምዝዤ ልለፍ ያለውም የመገልበጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ከፍ ስትል ተነሡ፣ ከመጥለቋም ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቁሙ። ወደ ምሥራቅ ስለምትጓዙ የማለዳዋ ፀሐይ በቀጥታ ዓይን ውስጥ እንደምትገባም አትዘንጉ።

ሰዓቱም ያሳስታል። በኮክልቢዲና በዩክላ አካባቢ ሰዎች ከፐርዝ በ45 ደቂቃ የሚቀድም የራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ደቡብ አውስትራሊያ ስትገቡ ደግሞ በበጋ ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ማረፊያው ምን ሰዓት እንደሚዘጋ ስትጠይቁ በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ።

አሁን ብዙ ሰው ችላ ወደሚለው ነገር ልምጣ፤ እርሱም የዕቃ አጫጫንና ነፋስ ነው። ከባድ ዕቃ ከካራቫኑ ጎማዎች በላይ፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ፤ ከመጨረሻው ጫፍ ፈጽሞ አይሁን። በመጎተቻው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከካራቫኑ ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ይመከራል፤ ከዚያ በጣም ሲያንስ የካራቫኑ ጭራ መወዛወዝ ይጀምራል። ሜዳው ነፋሱን የሚገታለት አንዳች ነገር የለውም። ሁለት ተሳቢ የሚጎትቱ፣ እስከ 36.5 ሜትር የሚረዝሙ የጭነት መኪናዎች ከፊት ለፊት ሲመጡ መጀመሪያ የሚገፉት አየር ካራቫኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ አልፈው ሲሄዱ ደግሞ ወደ ራሳቸው ይስቡታል። መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፤ ከስፖኪዮው የካራቫኑ ጭራ ሲወዛወዝ ካያችሁ የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ፤ ይልቁንም ከነዳጅ መስጫው እግራችሁን ቀስ አድርጋችሁ አንሡ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ የካራቫኑንም ፍሬን በእጅ መቆጣጠሪያው ለብቻው ያዙት። ሹፌሮች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት የሬድዮ መገናኛ ቻናል 40 ላይ ሁኑ፤ ሊቀድማችሁ የፈለገ ሹፌር በዚያ ያናግራችኋልና ፍጥነታችሁን ቀንሱለት። በዚህ ረገድ ትሕትና ሕይወት ያድናል ብዬ አምናለሁ።

የፊት ነፋስ ያለበት ቀን ከወትሮው እጅግ የበለጠ ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ ቀጥሎ ባለው ማደያ እሞላለሁ ብላችሁ ማደያ አትለፉ። በተለይ ከባላዶኒያ ስትነሡ ታንኩ ሙሉ ይሁን፤ ከዚያ እስከ ካይጉና 182 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ አንዲት መታጠፊያ የሌላት 146.6 ኪሎ ሜትር የምታህለው ቀጥተኛ መንገድ ያለችው እዚሁ ላይ ነው። ይህች መንገድ ታፈዛዛለች፤ ከመግባታችሁ በፊት ሹፌር ተቀያየሩ።

ውኃን በተመለከተ፣ ማረፊያዎቹ የካራቫን ታንክ የሚሞላ ውኃ ስለማይተርፋቸው ታንካችሁን ኖርስማን ላይ ሙሉ፤ የመጠጡንም በተለየ ዕቃ መኪናው ውስጥ ያዙ። በጥር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። መኪና ከተበላሸ ልጆቹን በጥላ አስቀምጣችሁ እዚያው ቆዩ፤ በእግር ርዳታ ፍለጋ መሄድ እጅግ አደገኛ ነው። የስልክ ኔትወርክ በብዙው ቦታ ስለሌለ የሳተላይት ስልክ ወይም የአደጋ ጊዜ ምልክት መላኪያ መከራየት ያዋጣል። በመንገዱ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ምልክት የተቀባባቸው ስፍራዎች ታያላችሁ፤ የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት በአደጋ ጊዜ የሚያርፍባቸው ናቸው፤ እዚያ ላይ አትቁሙ።

ፍራፍሬና አትክልት ሴዱና ላይ ተፈትሾ ይወሰድባችኋልና በልኩ ያዙ፤ ቀድማችሁም ጨርሱት።

እኔ ከፐርዝ እስከ አዴላይድ ቢያንስ ሰባት ቀን መድቡ እላለሁ። መንገዱ በሜዳው ደቡባዊ ጠርዝ ስለሚያልፍ፣ ዛፍ አልባው ሜዳ የሚታየው በአጭር ርቀት ብቻ ነው፤ የሚያስደንቀው ከባሕሩ በላይ እስከ 120 ሜትር የሚደርሰው የቡንዳ ገደል ነው። ጫፉ ከሥሩ የተቦረቦረ ድንጋይ ስለሆነ ልጆቹን እጃቸውን ይዛችሁ ከአጥሩ ወዲህ ሁኑ። ዓሣ ነባሪዎቹን በጥር አታገኟቸውም፤ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጡት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ዕረፍታችሁን ወደ ሐምሌው የትምህርት ቤት ዕረፍት ማዛወር ከቻላችሁ፣ እነርሱንም ታያላችሁ፣ ከሙቀቱም ታመልጣላችሁ፤ ቀኑ ስለሚያጥር ግን አንድ ተጨማሪ ቀን ያዙ።