ጠይቁን፦ የእንስሳት ሳይንስ ትምህርትና የመኖ ሒሳቡ

ጥያቄ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባች 2ኛ ሴሚስተሯ ነው። እኛ የምንመኝላት የእንስሳት ሕክምና ነበር፤ የደረሳት ግን «እንስሳት ሳይንስ» ሆነ። ሁለቱ ያው አይደሉም ወይ? ደግሞ ከተማ ያደገች ናት፤ ላም በእጇ ነክታ አታውቅም። (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አይደሉም። ሐኪሙ የታመመውን እንስሳ ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ጥገና ያደርጋል፤ የትምህርቱም ዓመት ይረዝማል። የእንስሳት ሳይንስ ዋና ሥራው ጤነኛው ላይ ነው፦ መመገብ፣ ማዳቀል፣ ማርባት፣ ወተቱንና ሥጋውን፣ እንቁላሉንና ማሩን አብዝቶ ማውጣት። የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበትን የመጀመሪያ ዓመት ጨምሮ 4 ዓመት ይፈጃል። ልጅዎ የእንስሳት ጤና ኮርስ መውሰዷ አይቀርም፤ ግን በሽታን ለመከላከልና ቶሎ ለመለየት እንጂ ክሊኒክ ለመክፈት የሚያበቃ አይደለም። ይህን ከአሁኑ ብታውቀው ይሻላል፤ 4ኛ ዓመት ደርሰው የሚደነግጡ አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መውጫ ፈተና ስላለ ለመመረቅ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት እንዳለባትም አይርሱ።

ላም አለመንካቷ አያስጨንቅዎ። ጋዋንና ቦቲ ጫማ ይግዙላት፣ ጥፍሯን በአጭሩ ትቁረጥ። ወደ ላም ስትጠጋ ድምፅ እያሰማች፣ ከጎን ወደ ትከሻዋ ትምጣ እንጂ በኋላ በኩል በድንገት አትድረስባት። ይህ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። ተማሪ የሚያስቸግረው ላሟ ሳትሆን ስታቲስቲክሱ፣ ጄኔቲክሱና የመኖ ቅመራው ነው።

ጥያቄ፦ በፒርሰን ካሬ (የሚፈለገው የፕሮቲን መጠን መሐል ተጽፎ የሁለቱ መኖዎች ድርሻ በመቀነስ በሚገኝበት ስሌት) ሁለት መኖ መቀላቀል ችያለሁ። ጨውና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨመርበት ሲባል ግን መልሴ ሁልጊዜ ከመምህሩ ይለያል። የት ነው የምሳሳተው? (የ3ኛ ዓመት ተማሪ፣ ከሐሮማያ)

መልስ፦ ጨውና ኖራ ፕሮቲን እንደሌላቸው እየረሳህ ይመስለናል። በቁጥር እንየው። ባለ 9 ከመቶ ፕሮቲን በቆሎና ባለ 30 ከመቶ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) አለህ፤ የሚፈለገው 16 ከመቶ ፕሮቲን ያለው 100 ኪሎ ድብልቅ ነው። ምንም ካልተጨመረ የበቆሎው ድርሻ 30 ሲቀነስ 16፣ ማለትም 14 ነው፤ የፋጉሎው 16 ሲቀነስ 9፣ ማለትም 7። ድምሩ 21። ስለዚህ በቆሎ 66.7 ኪሎ፣ ፋጉሎ 33.3 ኪሎ።

አሁን 1 ኪሎ ጨውና 2 ኪሎ ኖራ ይግባ ተባለ። የቀረህ ቦታ 97 ኪሎ ብቻ ነው፤ 16ቱን ኪሎ ፕሮቲን ሙሉ በሙሉ መሸከም ያለበትም እሱ ነው። 16 ለ97 ሲካፈል 16.5 ከመቶ ገደማ ይመጣል። ካሬው መሐል የሚጻፈው ይህ ቁጥር ነው፤ 16 ከጻፍክ እዚያው ተሳስተሃል። ድርሻዎቹ 13.5 እና 7.5 ይሆናሉ፤ በ97 ስታባዛና ለ21 ስታካፍል በቆሎ 62.4 ኪሎ፣ ፋጉሎ 34.6 ኪሎ ይወጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከበቆሎው 5.6፣ ከፋጉሎው 10.4፣ በድምሩ 16 ኪሎ ፕሮቲን።

ሌላው የተለመደ ስሕተት እርጥቡን ከደረቁ ጋር መደባለቅ ነው። 400 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 10 ኪሎ ደረቅ ይዘት ትፈልጋለች እንበል። እርጥብ ሣር ከመቶው 80 ያህሉ ውኃ ስለሆነ 10 ኪሎውን ለማግኘት 50 ኪሎ ሣር ማጨድ ሊኖርብህ ነው፤ ድርቆሽ ከሆነ ግን 11 ኪሎ ይበቃል። አተላ ላይ ልዩነቱ ከዚህም ይብሳል። ሁሉንም መጀመሪያ ወደ ደረቅ ይዘት ለውጠህ ቀምር፤ ስትመዝን ብቻ ወደ እርጥቡ ተመለስ። ካሬው አንድ ንጥረ ነገር ብቻ እንደሚያስተካክልም ልብ በል፤ ኃይሉንና ካልሲየሙን ለብቻ ማስላት አለብህ። ፋጉሎ የሻገተ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ትክክል ቢሆንም አትጠቀምበት፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ወደ ወተቱ ያልፋል።

ጥያቄ፦ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ልምምድ ላይ ነን። ካዳቀልናቸው ላሞች አብዛኞቹ ኮርማ ፈልገው ተመለሱ። አባለ ዘሩ (የኮርማው ዘር) ይሆን የተበላሸው? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ሰዓቱን ጠይቂ። ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየች ላም ከሰዓት በኋላ ወደ ማታው፣ ማታ የታየች በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀላለች። የአገር ዘር ላሞች የፍላጎት ጊዜያቸው አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ስለሚመጣ ባለቤቱ የሚነግርሽ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሌሎች ላሞች ሲወጧት ቆማ መቀበሏን ያየ ሰው አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ መጮኋ ብቻ አይበቃም።

ከዚያ ወደ አያያዙ። አባለ ዘሩ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ነው ያለው፤ ስትሮዋን (ዘሩ ያለባትን ቀጭን ቱቦ) ስትመርጪ ከማጠራቀሚያው አንገት በታች አድርጊ፣ ከጥቂት ሰከንድ በላይም አትያዣት። በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ትቀልጥ፤ «ለብ ያለ» ብሎ በእጅ መገመት አይሆንም፣ ቴርሞሜትር ያዢ። ከወጣች በኋላ ጠብታ ሳይቀር አድርቂያት፣ ውኃ የወንድ ዘርን ይገድላል። በብርድ ቀን የማዳቀያ መሣሪያውን አስቀድመሽ አሙቂው።

የማኅፀን በር በእጅ ሲዳሰስ ጠጠር ያለ፣ ቀለበት ቀለበት ያለው፣ የዶሮ አንገት የሚመስል ነገር ነው። መሣሪያውን ወደ ውስጥ መግፋት ሳይሆን በሩን በሌላው እጅሽ ይዘሽ መሣሪያው ላይ ማልበስ ነው ዘዴው። የመጨረሻዋን ቀለበት እንዳለፍሽ ቁሚ፣ ዘሩን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። የጀማሪ እጅ ብዙውን ጊዜ ከዚያ አልፎ ይገባል። ከቄራ በሚመጣ ማኅፀን ላይ ደጋግማችሁ እንድትለማመዱ አስተማሪያችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጥናቴ 20 በግ በ4 ዓይነት መኖ ለ90 ቀን እመግባለሁ። በየ10 ቀኑ ስመዝን ክብደታቸው ይወጣል ይወርዳል። ምንድን ነው? (ከወላይታ ሶዶ)

መልስ፦ ውኃ ነው። በጉ በቀን 60 ግራም ቢጨምር በ10 ቀን 600 ግራም ነው፤ ሳይመዘን 2 ሊትር ውኃ ከጠጣ 2 ኪሎ ጨመረ ብለህ ትጽፋለህ። ምንጊዜም በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት፣ መኖም ውኃም ሳይቀምስ መዝን። መነሻና መድረሻ ክብደቱን በሁለት ተከታታይ ጠዋት ወስደህ አማካዩን ያዝ።